በቅሎዋ የት ገባች?

ይህን በአደባባይ የሚናገር አርታኢ አላጋጠመኝም፤ በጓዳ ግን ሁላችንም እናወራዋለን። የወረቀት ዋጋ ሲሰቀልና አሳታሚው «ከዚህ ረቂቅ ላይ ገጽ ቀንሱልኝ» ሲል፣ በታሪክ ልብ ወለድ ላይ መቀሱ መጀመሪያ የሚያርፈው መንገዱ ላይ ነው። ፍቅሩ አይነካም። ጦርነቱ አይነካም። የቤተ መንግሥቱ ተንኮልም አይነካም። የሚቆረጠው ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ሸዋ እስኪደረስ ያለው ጉዞ ነው። ባለታሪኩ በአንዱ ምዕራፍ መጨረሻ በቅሎው ላይ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ምዕራፍ መግቢያ አዲስ አበባ ደርሶ እግሩን ይታጠባል።

መጽሐፉ ታትሞ ደጀን፣ ቢቸና፣ ደምበጫና ቡሬ ሲደርስ ታዲያ፣ ከአንባቢ የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ባለታሪኩ ልብ አይደለም። «በቅሎዋ የት ገባች?» ነው።

ይህን ጥያቄ ንቀው የሚያልፉ ደራስያን አሉ። እኔ ግን ከረቂቅ ጋር ስውልና ሳድር የተረዳሁት አንድ ነገር አለ። የጎጃም ደጋ አንባቢ ክፉ ባለታሪክ ይታገሣል፤ የተጣመመ ፍርድም ይታገሣል። መንገድ ላይ የተረሳ እንስሳ ግን አይታገሥም። እንስሳውን የረሳ ደራሲ ሰውንም አላየም ብሎ ይደመድማል። ይህ ድምዳሜ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

የታሪክ ልብ ወለድ ከመታተሙ በፊት የታሪክ ምሁር እንዲያየው መላኩ የታወቀ ነው። በእጄ የሚያልፈው ረቂቅ ጎጃምን የሚነካ ከሆነ ግን፣ ከምሁሩ ቀጥሎ የሚሄደው ጭነት ወደሚያውቁ ሰዎች ነው። ስማቸው በምስጋና ገጽ ላይ አይወጣም፤ እነሱም አይፈልጉትም። ከነሱ አንዱ በወጣትነታቸው በቅሎና አህያ እየነዱ ገበያ ለገበያ የዞሩ፣ ዛሬ ደብረ ማርቆስ ከልጃቸው ቤት የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች።

አንድ ቀን ልጅቱ ስታነብ፣ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ወደ ዓባይ በረሃ ወረዱ የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረሰች። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ፤ መልሰሽ አንብቢው።»

መልሳ አነበበችው።

«ወረዱ ብቻ? ጭነቱን ማን አጠበቀው?»

ወደ እኔ ዞረው በትዕግሥት አስረዱኝ። ሜዳ ላይ በደንብ የተቀመጠ ጭነት ቁልቁለት ሲጀምር ወደ ፊት ይሄዳል። በጅራቷ ስር የሚያልፈው ጠፍር ከላላ ጭነቱ ትከሻዋ ላይ ይወድቅና በቅሎዋን በአፍጢሟ ይተክላታል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ደግሞ ቆዳዋን ይልጣል። ስለዚህ አፋፉ ላይ ሲደረስ ሁሉም ይቆማል። ጭነቱ ይወርዳል፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑ በእጅ ይመዘናል፤ የቀለለው ጎን ድንጋይ ይጨመርበታል፤ እንደገና ይጫናል። ከወንዙ ማዶ አቀበቱ ሲጀምር ጭነቱ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ሥራው እንደገና ይደገማል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቀው የደረቱ ጠፍር ነው። ማታ ጭነት ከወረደ በኋላ መዳፍ በጀርባዋ ላይ ሳያሳልፍ የሚተኛ ነጋዴ፣ ጠዋት ገጣባ በቅሎ ይዞ ይነሣል።

ደራሲው ይህን ሲሰማ አንድ ትዕይንት ጨመረ፤ አፋፉ ላይ ቆመው ሲጭኑ። በቃሉ ለስላሳ የነበረው ባለታሪክ ለጠፍሩ ትዕግሥት አጣ። «ይበቃል፣ እንሂድ» አለ። ዝምተኛው አሽከር ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ድንጋዩን ፈልጎ ቀላሉ ጎን ላይ አሰረው። በብዙ ንግግር ሊገለጥ ያልቻለው የሁለቱ ሰዎች ጠባይ እዚያች ገጽ ላይ ተገለጠ። ጉዞ ሲቆረጥ የሚቀረው የመሬት አቀማመጥ ብቻ ይመስለናል፤ አብሮ የሚቀረው የሰው ጠባይ ነው።

እናቶች የሚያነሡት ደግሞ ሌላ ነው። መጽሐፍ ለሚያነቡና ለሚነበብላቸው የደብረ ማርቆስ ሴቶች ረቂቅ በሰጠሁ ቁጥር የሚመለስልኝ አስተያየት ስለ ማደሪያ ነው። እንግዳው ማታ ደረሰ፤ እግሩ ታጠበ፤ እራት ቀረበለት፤ ጠላ ተቀዳለት። «በቅሎዋንስ ማን አበላት?» ይላሉ። በአሳዳሪ ቤት ለእንስሳው የሚሰጠው ገብስ፣ ገለባ ወይም ሣር የቤቱን ሀብትና የባለቤቲቱን ልብ ይናገራል። ሰውን አጥግቦ እንስሳውን በረሃብ ያሳደረ ቤት ስም አይወጣለትም። እንግዲህ ደራሲው ደግ ሴት ልስል ብሎ ለእንግዳዋ ዶሮ አሳርዶ ለበቅሎው ገለባ ካላስጣለ፣ በእነዚህ አንባቢዎች ዘንድ ሴትየዋ ደግ አይደለችም።

ሦስተኛው ዓይነት አንባቢ ሹፌሩ ነው። በጾም መፍቻ ሰሞን ከጎጃም ሰንጋ በአይሱዙ ጭኖ አዲስ አበባ የሚያደርስ ሰው የድሮ ሲራራ ነጋዴ የነበረበትን ጭንቀት ዛሬም ያውቀዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ትበልጣለች፤ ከደጀን ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘው የዓባይ ድልድይ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ከሚሆነው የደብረ ማርቆስ–አዲስ አበባ መንገድ ነፍስ የሚይዘው ይህ ቁልቁለትና ከማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው አቀበት ነው። አንድ ሹፌር የነገረኝን አልረሳውም። «ሲሚንቶ ጭኜ የማልፈራውን ኩርባ ከብት ስጭን እፈራዋለሁ። ሲሚንቶ ባስቀመጥከው ይቀመጣል፤ በሬ ግን ቁልቁለቱን ሲያይ ይራመዳል» አለኝ። ስለዚህ እንዳይንሸራተቱ ወለሉ ላይ አሸዋ ወይም ጭድ ይነሰነሳል፤ እንዳይገፋፉ አጭር ይታሰራሉ፤ አንዱ ከወደቀ ሌሎቹ ሳይረግጡት ለማንሣት ረዳቱ ከኋላ ዓይኑን አይነቅልም። ይህ ሰው የታሪክ ልብ ወለድ ሲያነብ የሚፈልገው ዘመኑን አይደለም፤ የሚፈልገው ያንን ፍርሃት ነው። ካገኘው መጽሐፉን ለረዳቱ ያውሰዋል። ካላገኘው ጥሎት ይሄዳል።

የጎጃም አንባቢ ላይ ይህ ጥብቅነት ከየት መጣ ለሚል፣ መልሱ ግማሹ ራሱ ኑሮው ነው። ለረጅም ዘመን እዚህ ሕይወት የሚንቀሳቀሰው በእንስሳ ጀርባ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዓባይ አጠገብ ያለው የባሶ ገበያ የጎጃምን ነጋዴዎች ከማዶው ከጉድሩ ነጋዴዎች ጋር ያገናኝ ነበር፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣል፤ ከደቡብ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይወጣል። ክረምት ገብቶ ዓባይ ሲሞላ መንገዱ ይዘጋል፤ ነጋዴው መስቀልን ይጠብቃል።

ሌላው ግማሽ መልስ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩት እኚህ ደራሲ፣ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከማንኩሳ እስከ ዲማ፣ ከዲማም አልፎ ያለውን አገር አንባቢ በእግሩ የሄደበት እስኪመስለው ድረስ አሳዩት። መጽሐፉን በዓይኑ ያላነበበው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰማው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም የባህል ጥናት ተቋሙን በስማቸው ሰይሞታል። በዚህ አገር ስለ ጎጃም የታሪክ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገ፣ ከዚያ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። ረቂቅ ሲመለስልኝ ዳር ላይ የሚጻፈው ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ሐዲስ ይህን መንገድ አያልፈውም ነበር» የሚል።

አሁን ወደ ዋናው ሹክሹክታ ልግባ። ከረቂቅ አንባቢዎቻችን ጋር ስንገናኝ ሳይነሣ የማይቀር፣ ግን እስካሁን እጄ ላይ ተጽፎ ያልመጣ አንድ ታሪክ አለ። እሱም የ1933 ዓ.ም. የግመሎች ጉዞ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስደት የቆዩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ ላይ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ገቡ። ከዚያ ተነሥቶ እስከ በላያ ተራራ ያለው ቆላ መንገድ አልነበረውም፤ የጭነት መኪናዎቹም ቁጥቋጦውና ገደሉ አሸነፋቸው። በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው፣ ጌዴዎን የሚል ስም የተሰጠው ጦር ስንቁንና ጥይቱን የጫነው ከሱዳን በመጡ ግመሎች ላይ ነበር። ቁጥራቸው 15 ሺህ ገደማ እንደነበር ተጽፏል። እነዚህ ግመሎች የሜዳና የአሸዋ እንስሳት ናቸው። ለስላሳው እግራቸው ለድንጋይ አልተፈጠረም፤ የደጋውን ብርድ አያውቁትም፤ ዳገቱ ላይ የሚበቅለውን ሣርና ቅጠልም አልለመዱትም። ቆላውን ጨርሰው ወደ ጎጃም ደጋ የሚያወጣው ግድግዳ ላይ ሲደርሱ ማለቅ ጀመሩ። በረሃብ፣ በድካም፣ በብርድ፣ ከገደል በመውደቅ አለቁ። ሬሳቸው በመንገዱ ዳር ከመሰለፉ የተነሣ ከኋላ የሚመጣው ጦር መንገዱን በሽታው ይለይ ነበር። ከጦሩ ጋር የተጓዘው ደብሊው. ኢ. ዲ. አለን እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ስቃይ በሰፊው ጽፎታል። አዲስ አበባን ያዩት ግመሎች እጅግ ጥቂት ናቸው።

ጦሩ ግን ወጣ። ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ በቡሬ፣ በማንኩሳ፣ በደምበጫ አለፈ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ባለታሪክ የበዛብህ አገር ሆና አንባቢ ሁሉ የሚያውቃት ማንኩሳ በዚያ ዓመት የጦር መንገድ ነበረች። ሐዲስ ራሳቸው ይህን አላዩም፤ ያን ጊዜ ጣሊያን አገር በእስር ላይ ነበሩ። ምናልባትም ታሪኩ በልብ ወለድ ሳይጻፍ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ያንን መንገድ ከማንም በላይ መጻፍ የሚችሉት ሰው በዚያች ጊዜ መንገዱ ላይ አልነበሩም።

ይህን ታሪክ ለሦስቱም ዓይነት አንባቢዎቼ ነግሬአለሁ። የሰጡኝን መልስ እዚህ የምጽፈው ወደፊት የሚጽፈው ሰው እንዲጠቀምበት ነው።

ሽማግሌው ነጋዴ መጀመሪያ ያነሡት ስለ ነጂዎቹ ነበር። «ግመሉን የሚነዳው ሱዳናዊ ቋንቋችንን አያውቅም፤ አገራችንን አያውቅም፤ ብርዱም ለሱ እንደ ግመሉ አዲስ ነው። ግመሉ ሲወድቅ ምን አለ?» አሉ። ይህ ጥያቄ አንድ ሙሉ ባለታሪክ ይወልዳል። ከሩቅ ቆላ የመጣ፣ ግመሉ ሀብቱ የሆነ፣ ለማያውቀው ንጉሥና ለማያውቀው አገር ነፃነት ሲል ከብቱ በየቀኑ ከፊቱ የሚሞትበት ሰው። ያገራችን የድል ታሪክ እሱን አያነሣውም፤ ልብ ወለድ ግን ሊያነሣው ይችላል።

እናቶቹ የጠየቁት ስለ መንደሩ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኑ ዘንድ የግመል ሥጋ አይበላም። ታዲያ በዚያ ሁሉ ሬሳ መንደሩ ምን አደረገ? ጅቡና አሞራው ሲጠግብ ሰው ከውሃ መውረጃው ላይ ሬሳ እንዴት አነሣ? ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ስለሆኑ ጥያቄው የሴት ነው። ጦርነቱን ከምንጩ አፋፍ ሆኖ የሚያይ ልብ ወለድ ብናገኝ እኔ ያለ ማመንታት መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።

ሹፌሩ ደግሞ የተናገረው አጭር ነበር። «ከ15 ሺህ አንዱን ስጡኝ» አለ። «ሁሉንም ካሳያችሁኝ አንዱም አያሳዝነኝም።»

ሹፌሩ ሳያውቀው የተናገረው በሌላ አገር በተግባር የታየ ነው። አሜሪካዊቷ ሊንዳ ረትሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 «ዌስት ዊዝ ጂራፍስ» የሚል የታሪክ ልብ ወለድ አሳተመች። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1938 ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑ ሁለት ቀጭኔዎች ከብርቱ የባሕር ማዕበል ተርፈው በምሥራቁ የአሜሪካ ጠረፍ ደረሱ፤ ከዚያ በጭነት መኪና አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው ካሊፎርኒያ፣ ሳንዲዬጎ የእንስሳት ማቆያ ገቡ። መጽሐፉ በብዙ አገር እጅግ ተወደደ። እዚህም እንግሊዝኛ ከሚያነቡ ወዳጆቼ ጋር ስንወያይበት ያስተዋልኩት አለ። ስለ ዘመኑ ድህነት የተጻፈውን ሁሉ ወደዱት፤ ሲያወሩ ግን የሚያወሩት ስለ ሴቷ ቀጭኔ የተጎዳ እግር ነው። እግሯ ይድናል ወይ? መኪናው ቁልቁለት ሲወርድ ምን ትሆናለች? ደራሲዋ የአንድ አገርን መከራ በአንድ እግር ላይ አስቀመጠችው፤ አንባቢ ገጽ የሚገልጠው ያንን እግር ለማየት ነው። ይህን ሳነብ ጭነቷ የወረደላት በቅሎ ጀርባ ላይ መዳፋቸውን የሚያሳልፉትን ሽማግሌ አሰብኩ። በዚህ ነገር ላይ የካሊፎርኒያ አንባቢና የደብረ ማርቆስ አንባቢ አይለያዩም።

ከግመሎቹ ጉዞ ጋር የሚያያዝ ሌላ ነገር እዚያው መንገድ ላይ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በሺዎች ይሰበሰባሉ። ማኅበራቸው የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋና ከዚያ በኋላ በተደረገው ተጋድሎ ፈረስ የዋለውን ውለታ ያስባሉ። ለእንስሳ ውለታ በዓል ያለው፣ ጀግናን በፈረስ ስም የሚጠራ አገር ነው ይህ። በላይ ዘለቀን የሚያውቅ ሁሉ አባ ኮስትር እንደሚባሉ ያውቃል። ለፈረሱ ማኅበርም በዓልም አለ። በዚያው አገር ለነፃነቱ ጭነት ተሸክመው ያለቁት ግመሎች ግን እኔ የማውቀው አንድ ልብ ወለድ እንኳ የላቸውም። ግመል የኛ ከብት ስላልሆነ ይሆን? ለኛ ሞቷል፤ ይህ ይበቃል።

ለጸሐፊዎች የምለው ጥቂት ነው። መንገዱን ስትጽፉ የጭነቱን ዓይነትና የጠፍሩን ቦታ ዕወቁ፤ የማታውቁትን ደጀን ላይ ከብት ጭኖ የቆመ ሹፌር ጠይቁ፤ ቡሬና ደምበጫ ገበያ ላይ ኮርቻ የሚሠራ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። እንስሳውን ስም ስጡት፤ ስም ከሰጣችሁት ደግሞ መጨረሻውን ንገሩን። ለአሳታሚዎችም እንዲሁ። ገጽ መቀነስ ግድ ከሆነ የቤተ መንግሥቱን ሴራ ቀንሱ፤ ሴራ ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው ብዙም አይለይም። የዓባይ ቁልቁለት ግን አንድ ነው።

የግመሎቹን ታሪክ የጀመረ ሰው ካለ፣ ከበላያ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን መንገድ እየቆረጠ እንዳያልፍ እለምነዋለሁ። ረቂቁን ወደ አሳታሚ ከመውሰዱ በፊት በማንኩሳና በቡሬ ጮክ ብሎ ያስነብበው። የሚያስቆሙት ቦታ ሁሉ መጽሐፉ ገና ያልተጻፈበት ቦታ ነው፤ እዚያ ይቀመጥና ይጻፍ።